ስለ ዕድልና ስለ ድካም፤ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በኩል ስትወርድ ቃሊቲን ታልፍና አቃቂ ትደርሳለህ። በቃሊቲ ከጉምሩኩ ደጅ ዕቃ የጫኑ ታላላቅ መኪናዎች ተሰልፈው ተራቸውን ሲጠብቁ ታያለህ፤ በአቃቂም ከጅቡቲ ይመጣ የነበረው አሮጌው ምድር ባቡር ያለፈበትን ስፍራ ታገኛለህ። ይህ ባቡር አቃቂ የደረሰው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1915 ዓመት ነው። ከዚያ እስከ ዋናው ከተማ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት ሳለ አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ዛሬ ታሪካቸውን የምነግርህ ሰው በምድር ባቡሩም በጉምሩኩም ሹመት ያገለገሉ ናቸውና፥ ነገሬን ከዚህ ስፍራ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ወደ እርሳቸው ከመድረሳችን በፊት እስቲ ከእኔ ጋራ ወደ አንድ ለቅሶ ቤት ግባ። በአቃቂ ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ሕፃን በተቅማጥ ሞቶ ጎረቤት ተሰብስቧል እንበል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እናቲቱን ሊያጽናና አስቦ፥ ይህ የልጁ የአርባ ቀን ዕድል መሆኑን፥ የተጻፈለትም ዘመን ይኸው ብቻ መሆኑን ይነግራታል። ሌላው ደግሞ በቤት ውስጥ ዝም ብሎ ይቆይና ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ላይ ለጓደኛው፥ እናቲቱ ሰነፍ ባትሆንና ውኃውን አፍልታ ብታጠጣው ኖሮ ልጁ ባልሞተ ነበር እያለ ያማታል። የፊተኛው ርኅሩኅ፥ የኋለኛው ዐዋቂ ይመስላል። ሁለቱም ግን ውኃው ከየት እንደ መጣና ማን እንዳቆሸሸው ሳይጠይቁ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ያ ወንዝ የከተማውን እድፍና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክሞ ከላይ የሚወርድ ነው። እናቲቱ አልጣለችበትም፤ እድፉም ከሰማይ የዘነበ አይደለም።

ወዳጄ ሆይ፥ አንተስ ከሁለቱ ከማን ወገን ነህ? መልስህን ያዘውና ታሪኩን ስማ።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓመተ ምሕረት በዓድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በሚባል ስፍራ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አገሩን ሁሉ ያናወጠ መከራ መጣ። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ወደቁ፤ ትግራይም ያለ ንጉሥ ቀርቶ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ጀመር። ከዚህ ጋራ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረኃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ምድሪቱን አጠፋት። ዝናብ ተቋረጠ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን አዝመራ በላው። ከሁሉ የከፋው ግን የከብቱ እልቂት ነበር። የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገምታሉ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ዘር ቢኖረውም፥ ዝናብም ቢመለስለት በምን ያርሳል? ስለዚህ ረኃቡ ከበሽታው በኋላ ዓመታት ቆየ።

በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ይህን ባየ ጊዜ የመዓት ቀን ነው ቢል አትፍረድበት። በአንድ ወር ውስጥ ጋጣው ባዶ ሆኖ የቀረ ገበሬ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ዛሬ ግን የነገሩን ምክንያት እናውቃለን። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1887 ዓመት ኢጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ለነበረው ሠራዊታቸው ከውጭ አገር ከብት በመርከብ አስመጡ፤ ከብቱም በሽታውን ይዞ ወረደ። ገበሬው በኋላ ዘመን ደስታ እያለ የጠራው በሽታ ይህ ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፥ እንዲህ ያለ ደስታ ለጠላትም አይመኙት። ከምጽዋ ተነሥቶ ደጋውን ቆላውን ካዳረሰ በኋላ ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ወረደ። እንግዲህ የማይ ምሻሙ ሕፃን የተራበው ከመወለዱ በፊት በተቆረጠ ዕጣ አልነበረም። ቤተሰቡም ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም። ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ሰዎች በማያውቀው ወደብ በመርከብ ያወረዱት ነገር ነው ያስራበው።

የዚህን በሽታ ፍጻሜ አሁኑኑ ልንገርህ፤ ለነገራችን ይጠቅማልና። የሰው ልጅ ለብዙ ዓመታት ሲታገለው ኖሮ መጀመሪያ ክትባት አገኘ፤ ነገር ግን ክትባቱ በሙቀት ይበላሽ ስለ ነበረ ወደ በረሃ ለመውሰድ አላመቸም። በኋላ ሙቀት የሚችል ሌላ ክትባት ተሠራ፤ በእኛም አገር በአፋር በረሃ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው፥ ክትባቱን ይዘው ሐኪም በማይደርስበት ስፍራ እየዞሩ የገዛ ከብታቸውን ከተቡ። በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም ሁሉ ፈጽሞ መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። አያቶቻችን የመዓት ቀን ያሉት ነገር ዛሬ በምድር ላይ የለም። ይህን ድካም ከደከሙት ሰዎች የብዙዎቹን ስም አንተም እኔም አናውቅም።

በክፉው ቀን ጊዜም እጁን አጣጥፎ ያልተቀመጠ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በሬ ያለቀበት ሰው በእጁ ቆፍሮ ይዘራ ዘንድ ዶማ አስታጠቁ፤ መኳንንቱም መሬት መቆፈርን ነውር አድርገው ይቆጥሩት ስለ ነበረ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው በሰው ፊት ቆፈሩ። ይህ ሥራ የሞተውን አላስነሣም፤ ለቀረው ግን መንገድ አሳየው።

ሕፃኑ ገብረ ሕይወት በዚህ መከራ መካከል ከተሰደዱት አንዱ ሆነ። ወደ ባሕር ወርዶ ምጽዋ አጠገብ ባለችው በምንኩሉ በስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተጠጋ፤ በዚያም ፊደል ቆጠረ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ወደቡ ወርዶ አንዲት የጀርመን መርከብ ለማየት ገባ። መርከቢቱ መልሕቋን አንሥታ ስትሄድ ልጁ በውስጧ ተሸሽጎ ቀረ። ከተገኘ በኋላ የመርከቢቱ አዛዥ ወደ አውሮጳ ወሰደው፤ በዚያም ለአንድ ሀብታም የኦስትርያ ቤተሰብ ዐደራ ሰጠው፤ እነርሱም እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጉት።

እንግዲህ ዕድል የለም የሚል ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ይቁም። በዚያ ወደብ በዚያ ዓመት ስንት ርኁብ ሕፃን ነበረ? እንደ እርሱ ብልህ የነበረው፥ ከእርሱም ይልቅ ትጉህ የነበረው ስንቱ በመንገድ ላይ ቀረ? ያ አዛዥ ጨካኝ ሰው ቢሆንና ልጁን በመጀመሪያው ወደብ ላይ ቢያወርደው ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው አልነበረም። ስለዚህ የተሳካለት ሰው ሁሉ በገዛ ድካሜ ነው እያለ ደረቱን ሲነፋ ስትሰማ፥ ያችን መርከብ አስባት።

ነገር ግን ዕድል ብለን በአንድ ቃል የጠቀለልነውን ነገር ፈትተን ብናየው በውስጡ ሰዎች እናገኛለን። በምንኩሉ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰዎች አሉበት፤ ስደተኛ ልጅ ከባሕር ያልጣለ መርከበኛ አለበት፤ ቋንቋቸውን የማያውቅ ጥቁር ሕፃን ከገበታቸው ያስቀመጡ ባልና ሚስት አሉበት። ደግሞም ሊያይ ገብቶ ሊቀር የደፈረ ልጅ አለበት። ከምጽዋ የመጣው መከራ በመርከብ እንደ ወረደ፥ የገብረ ሕይወት መዳንም በመርከብ ሆነ። ሁለቱንም መርከቦች የነዱ ሰዎች ናቸው።

በአውሮጳ ያደገው ልጅ ጀርመንኛ ቋንቋ ተማረ፤ ቀጥሎም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተማረ። በዚያ መቅረት ይችል ነበር፤ አሳዳጊዎቹ ባለጠጎች ነበሩ፥ ቤትም እንጀራም ነበረው። እርሱ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ልጅነቱ አልፏልና በማዕረጉ እንጠራዋለን።

ገብረ ሕይወት ከተመለሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ። ምናልባት አንተ አሁን ነገሩ ሁሉ የተቃና ይመስልህ ይሆናል። ወዲያው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ደዌ ተያዙ፤ በግቢውም ውስጥ መጠራጠርና መጠላለፍ በዛ። የውጭ ቋንቋ የሚያውቅና ከውጭ አገር ሰዎች ጋራ የሚነጋገር ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ ይጠረጠራል። ገብረ ሕይወትም አገር ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በስደታቸውም ላይ ሕመም ተጨመረባቸው። በልጅነታቸው ረኃብ አሰደዳቸው፥ በጉልምስናቸው ደግሞ የሰው ተንኮል።

እንዲህ ያለ ሰው ዕድሌ ጠማማ ነው ብሎ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? እርሳቸው ግን መጻፍ ጀመሩ። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1912 ዓመት በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት፥ ብርሃን ይሁን በሚል መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የዐፄ ቴዎድሮስን፥ የዐፄ ዮሐንስንና የዐፄ ምኒልክን ዘመን እየመረመሩ፥ የአገሪቱ ድካም ከምን እንደ መጣ ይጠይቃሉ። የትግራይ ሰው የአባቱን ርስት እየተወ በየአገሩ ሲበተን አይተው አዝነዋል። ነገር ግን ይህን መበተን በትግራይ ላይ የወደቀ ርግማን ነው አላሉም፤ ጦርነትና ሽፍትነት ከአንዱ አዝመራ እስከ ሁለተኛው አላሳርስ ስላለው መሆኑን አሳዩ እንጂ። ከዚያም ለአዲሱ መሪ ለልጅ ኢያሱ መደረግ የሚገባውን ዘረዘሩ፤ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብሩ በልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፥ ሕግ ተጽፎ ዳኛው በእርሱ እንዲፈርድ፥ ወታደሩ ደመወዝ እንዲቆረጥለት፥ ሰውም በሃይማኖቱ እንዳይገደድ።

የወታደሩን ነገር ለምን እንዳነሡት ላስረዳህ፤ የከተማ ልጅ ላያውቀው ይችላልና። በዚያን ዘመን ወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረው ገበሬው ላይ ተሰርቶ፥ በገበሬው እህል ይኖር ነበር። እንግዲህ ገበሬው አብዝቶ ቢያመርት ትርፉን የሚበላው ሌላ ነው፤ ጎተራው የሞላ ሰው እንግዳው ይበዛበታል። ስለዚህ ለዓመት ከሚበቃው አብልጦ አያርስም። የውጭ አገር መንገደኛ ይህን አይቶ ኢትዮጵያዊ ሰነፍ ነው ብሎ በመጽሐፉ ይጽፋል፤ ባላገሩም ራሱ ድኻነት ዕጣዬ ነው ይላል። አንባቢ ሆይ፥ ሁለቱም ከዚያ ከለቅሶ ቤት ውስጥ የሰማናቸው ሰዎች እንደ ሆኑ ልብ በል።

በኋላ ገብረ ሕይወት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ባቡሩ አቃቂን ዐልፎ አዲስ አበባ ሊገባ ወይም ገና የገባ ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ሲራራ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት እየተጓዘ፥ በውኃ ጥምና በሽፍታ እየተፈተነ ያልፈው የነበረውን መንገድ ባቡሩ በሦስት ቀን ጨረሰው። በሲራራው ዘመን በበረሃ የቀረ ነጋዴ ቢኖር ወዳጆቹ ቀኑ ደርሶ ነው ይሉ ነበር። ባቡር ከመጣ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ቀናቸው የሚደርስ ሰዎች ቁጥር አነሰ፤ ይህን የሚያስተውል ሰው ስለ ዕድል ያለውን አሳብ ጥቂት መለወጡ አይቀርም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከጉምሩኩ ወንበር ላይ ሆነው የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ ያዩ ነበር። የሚወጣው ቆዳ፥ ቡና፥ ሰም፥ የዝሆን ጥርስ፤ የሚገባው ጨርቅ፥ ምላጭ፥ መርፌ፥ ጠመንጃ ነው። ከዚህ ያገኙትን ትምህርት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በሚባለው መጽሐፋቸው ጻፉት። ነገሩን በራሴ ምሳሌ ላስረዳህ። አንድ ሸማኔ በእጁ ጥበብ ሳምንት ሙሉ ደክሞ አንድ ጋቢ ይሠራል እንበል፤ በሌላ አገር ያለው ሰው ደግሞ በመኪና በአንድ ሰዓት የዚያን ያህል ጨርቅ ያወጣል። ሁለቱ በገበያ ቢለዋወጡ አንዱ ሳምንቱን ሰጥቶ የሌላውን አንድ ሰዓት ተቀበለ ማለት ነው። ሸማኔው ከቶ ሰነፍ አይደለም፤ ከዚያኛው ይልቅ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ድኻ የሚሆነው እርሱ ነው። ዓመት በዓመት ሲደጋገምበት ድኻነቱ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ ዕድሌ ነው ይላል። ነጋድራስ ግን ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋራ ሲነግድ ድካሙን እንደሚገብር፥ ነጻነቱንም ውሎ አድሮ እንደሚያጣ አስጠነቀቁ። የሕዝብ ሀብት ወርቅና ብር አይደለም፥ ሥራና ዕውቀት ነው የሚለው አሳብ በመጽሐፉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይገኛል። አቃቂ በኋላ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲተከልባት ሊያዩ አልታደሉም።

እዚህ ላይ ግን የራሴን አሳብ ልጨምር፤ የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማመስገን ብቻ አይገባውምና። ነጋድራስ በአውሮጳ ዕውቀት ላይ የነበራቸው እምነት ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። በሕዝባቸው ድንቁርና ላይ ሲጽፉም ብርታቸው አንዳንድ ጊዜ ይጨክናል። በዓይናቸው ፊት፥ ከ1914 እስከ 1918 በአውሮጳ አቆጣጠር፥ እነዚያ የተማሩት ሕዝቦች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆቻቸውን በገዛ ጥበባቸው ፈጁ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ በአውሮፕላን መርዝ ይዞ መጥቶ በኢትዮጵያ ሰው ላይ አዘነበ። ያ ገበሬ በመርዝ ሲቃጠል ዕድሉ አልነበረም፥ የዕውቀት ማነስም ብቻ አልነበረም፤ የዐዋቂ ሰው ክፋት ነበር። ዕውቀት ምክንያትን ለማግኘት መብራት ነው፤ በመብራቱ ቤት የሚያቃጥልም አለ።

በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ከየትኛው ወገን እንደ ሆንህ ጠይቄህ ነበር። ክርስቲያን የሆነ ሰው እዚህ ላይ ልዩ ጭንቀት አለበት፤ ምክንያትን መፈለግ በእግዚአብሔር ላይ ማመፅ ይመስለዋል። ነገር ግን እግዚአብሔር ዓለምን ይገዛል ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፥ የሰውን በደል በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ሌላ ነገር ነው። ወታደር የበላውን እህል እግዚአብሔር ነሣኝ ማለት ለወታደሩ መልካም ነው፤ ለእግዚአብሔር ግን ክብር አይደለም። ደግሞም የኢዮብን ወዳጆች አስብ። እነርሱ ምክንያት ፈላጊዎች ነበሩ፤ ግን ምክንያቱን በታመመው ሰው ላይ ብቻ ፈለጉት፤ በመጨረሻም ተገሠጹ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ነገርም ጌታችን ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ማስተማሩን በወንጌል ታገኛለህ። እንግዲህ በመከራ ላይ ያለውን ሰው ጥፋቱ የራስህ ነው ለማለት መቸኮል፥ ዕድልህ ነው ከማለት ያላነሰ ጭካኔ አለበት። አንዱ አፉን ያዘጋዋል፥ ሁለተኛው አንገቱን ያስደፋዋል።

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ፍርድ ከሁለቱም የተለየ ነበር። ሕዝቤ ተረግሟል አላሉም፤ ሕዝቤ ሰነፍ ነው ብለውም አልተዉትም። እንደ ሐኪም ሆነው ሕመሙ ከየት እንደ መጣ ጠየቁ፤ በበርሊን የተማሩት ሕክምና ለአገር በሽታ የዋለ ይመስላል። ሲጠይቁም ከታች ከድኻው አልጀመሩም፤ ከላይ ከግቢው፥ ከሹሙ፥ ከግብሩ፥ ከቀረጡ ጀመሩ። ይህ በዚያን ጊዜ ቀላል ድፍረት አልነበረም፤ ራሳቸው አንድ ጊዜ ተሰደውበታልና።

የመጨረሻው ዘመናቸው 1911 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በኅዳር ወር የገባው ታላቅ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ባዶ ያደረገበት፥ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ እያለ የሚያስታውሰው ዓመት ነው። ይህ በሽታ በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ዞሮ ነበር። ሐኪሞቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰበ ማቃጠልን ልማድ አደረገ፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ጭሱ በሽታውን እንደማያባርር ዛሬ እናውቃለን፤ እንዲያውም ለሳንባ ጉዳት ነው። ነገር ግን ያ ሕዝብ ዕድሌ ነው ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ ቆሻሻውን ከደጁ መጥረጉን እኔ አልንቅበትም፤ መንገዱን ባያገኘውም እጁን ወደ መጥረጊያው ሰድዷል።

በዚያው ዓመት፥ ክረምቱ ሲገባ፥ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሞቱ። ዕድሜያቸው 33 ያህል ነበር። ከክፉው ቀን የተረፈ፥ ባሕር የተሻገረ፥ ከስደትና ከሕመም የተመለሰ ሰው ገና በሥራው መጀመሪያ ላይ ተቀጠፈ። እዚህ ላይ ምን ልበልህ? ምክንያት አለው ብዬ አልከራከርህም፤ ዕድላቸው ነው ብዬም አላጽናናህም። አገሪቱ እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ብዙ አልነበራትም፤ የነበሯትንም ጠብቃ አላቆየችም። የቀረውን አንተው አስበው።

መጽሐፉ ሳይታተም ቀርቶ ነበር። ወረቀቱ ቢጠፋ ኖሮ የሚያስታውሰው አይገኝም ነበር፤ ነገር ግን ወዳጆች ጠበቁት። ነጋድራስ ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም.፥ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። ከዚያም ወዲህ ተማሪዎች ሲያነቡት ኖረዋል፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1995 ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በሎንዶን ታተመ። በቃሊቲ ከጉምሩኩ ደጅ የቆሙትን መኪናዎች ባየህ ጊዜ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ ቁጠር፤ ከዚያም ወደ አቃቂ ወርደህ ከድልድዩ ላይ ቁምና፥ ውኃው ከየት እንደ መጣ በወንዙ ሽቅብ እየተመለከትህ ጠይቅ።